ብሩና ብራናው፦ የደብተራይቱ ልብ ወለድ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ሲነበብ

ላውረን ብላክውድ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ርእሱ «በእነዚህ ክፉ ግድግዳዎች መካከል» ተብሎ ወደ አማርኛ ሊመለስ ይችላል። ደራሲዋ የጃማይካ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ናት፤ መጽሐፉም ለወጣቶች የተጻፈ ምናባዊ ድርሰት ነው። ታሪኩ የተተከለው ግን ኢትዮጵያን በሚመስል ምድር ላይ ሲሆን ባለታሪኳም ደብተራ ናት። አንድሮሜዳ ትባላለች። ያሳደጋትና ሙያውን ያስተማራት ጀምበር የሥራ ፈቃዷን ሳታገኝ አባሯታል። የሚያስጠጋት ባለጸጋ ካላገኘች በሙያዋ እንጀራ መብላት አትችልም። በዚህ መካከል ማግነስ ሮቸስተር የተባለ ወጣት ወራሽ ቤቱን ከተጣባው የክፉ ዐይን እርግማን እንድታነጻለት ይቀጥራታል። ከእሷ በፊት ዐሥር ያህል ደብተራዎች ገብተው፣ ያዩትን አይተው፣ ጥለውት ወጥተዋል። እሷ ትቆያለች፤ ልቧም ለተረገመው ሰው ይሸፍታል።

ይህን መጽሐፍ በምዕራብ ደቡብ ወሎዋ ከተማ በመካነ ሰላም ሆኖ የሚያነብ ሰው ከሌላው አንባቢ የተለየ ጥያቄ ይዞ ይቀርበዋል። ከዐባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች በላይ በተዘረጋው በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ ምድር ደብተራ የተረት ፍጡር አይደለም። ማኅሌት የሚቆም፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ ብራና የሚፍቅ፣ አንዳንዴም ክታብ የሚጽፍ ጎረቤት ነው። ስለዚህ የዚህ አገር አንባቢ በእንግዳው ዓለም ከመደነቅ ይልቅ «ከእኛ ምኑን ወሰደች? ምኑን ተወች? በወሰደችውስ ምን ሠራችበት?» ብሎ ይጠይቃል። የእኔ መልስ ሁለት ወገን አለው። ብላክውድ በደብተራይቱ እጅ ያሠራችው ሥራ እኛ ራሳችን ያልደፈርነው ነው፤ እንደ ትልቅ ስጦታ ልንቀበለው ይገባል። የደብተራይቱን ትምህርት ማለፏ ግን መጽሐፉን አጉድሎታል፤ ያ ጉድለት ደግሞ በአማርኛ ለወጣቶች የሚጻፍ ምናባዊ ድርሰት ከየት መጀመር እንዳለበት ያመለክታል።

ከውጭ የታየ ደጋ

ይህን ደጋ በባዕድ ምናብ የሣለችው ብላክውድ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው «ራሴላስ» የሚጀምረው በዐማራ ግዛት፣ ዙሪያውን በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከበስተጀርባው ያለው የግሸን አምባ ዝና ነው፤ ዛሬ በደቡብ ወሎ አምባሰል የሚገኘው፣ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጋዙበት የነበረው አምባ። ጆንሰን አገራችንን በዐይኑ አላየም። በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር፤ ምናቡ የተነሣው ከዚያ ንባብ ነው። በኋላ ሲራክ ኅሩይ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ ተርጉመው ታሪኩን ለተነገረለት አገር ሰው አቀረቡት።

ራሴላስ ምቾት የሰለቸው ወጣት ልዑል ነው። ከእህቱና ከመምህሩ ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሸንቁሮ ይወጣል። ይህን ድርሰት ከብላክውድ መጽሐፍ ጎን ስናስቀምጠው ከ260 ዓመት በላይ ያልተለወጠ አንድ ነገር ይታያል፤ የውጭ ደራሲ ይህን ምድር ሲያስብ በዐይኑ የሚመጣበት ግንብ ነው። በጆንሰን ዘንድ ወጣቱን የሚዘጋበት ተራራ ነው፤ በብላክውድ ዘንድ የአንድ ባለጸጋ ቤት ነው። ብላክውድ ደግሞ ቤቱን በበረሃ መካከል አቆመችው። አስታና ጅብራ የበቀለበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት፣ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው የደንቆሮ ጫካ ዐይነት ጉምና ውርጭ በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ የለውም። ደብተራው ከነክፉ ዐይኑ ተወስዶ ደጋው ቀርቷል። ምናባዊ ድርሰት የራሱን መልክዐ ምድር የመፍጠር መብት ስላለው በዚህ ብቻ አልነቅፋትም። ሆኖም ደጋው ሲቀር ደጋው ያበቀለው ኑሮ አብሮ መቅረቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የተቀጠረ ደብተራ በጌታ ቤት

የመጽሐፉ አጥንት የሻርለት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በታተመው በዚያ ድርሰት ድኻዋ አስተማሪ በሮቸስተር ቤት ትቀጠራለች፤ ትወድደዋለችም። በሰገነቱ ላይ የተዘጋችው የሮቸስተር ሚስት፣ አብዳለች የተባለችው በርታ ሜሰን፣ ከጃማይካ የመጣች ናት። በርታ አንድም ጊዜ ታሪኳን በራሷ አንደበት አልተናገረችም። ዣን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» በተባለው ልብ ወለዷ ያንን አንደበት መለሰችላት። ብላክውድ ሌላ መንገድ መረጠች። በእሷ መጽሐፍ እርግማኑ በጌታው በራሱ ላይ ነው፤ ጥቁሯ ሴት ደግሞ ቤቱን ለማንጻት በፊት በር የምትገባ ባለሙያ ናት። ደራሲዋ ይህን ስትጽፍ ያሰበችው ምንም ይሁን ምን፣ የጃማይካ ልጅ ከብሮንቴ ቤት የጃማይካዊቱን እስር አንሥታ በምትኩ ኢትዮጵያዊት ደብተራ ማስገባቷ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጃማይካ ኢትዮጵያን ለብዙ ዘመን በተስፋ ስታስባት የኖረች አገር ናት፤ የራስ ተፈሪያን እምነትና የሻሸመኔ ሰፈር የዚያ አሳብ ፍሬዎች ናቸው። ይህም ልብ ወለድ፣ እምነት ባይሆንም፣ ከዚያው ናፍቆት ሰፈር የወጣ ይመስለኛል።

የአማርኛ አንባቢ ግን ይህን ቤት ሲያይ ከጄን ኤር በፊት ሌላ ሰው ይታወሰዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርቱን ጨርሶ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል። ድኻ የተማረ ሰው፣ ትልቅ ቤት፣ በዚያ ቤት ውስጥ የተወለደ የማይፈቀድ ፍቅር፤ የአንድሮሜዳና የማግነስ ታሪክ በዚህ ንድፍ ላይ ልክ ይገጥማል። በዛብህም የራሱ እርግማን አለበት፦ በልጅነቱ ሲታመም ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ስለት። ልዩነቱ ግንቡ የተሠራበት ነገር ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ቤት የዘጋው የዘር ትዕቢት ነው። የሮቸስተርን ቤት የዘጋው እርኩስ ኀይል ነው። ሐዲስ ግንቡ የሰው ሥራ መሆኑን ስላሳዩን ልናፈርሰው እንደምንችልም ነገሩን፤ ብላክውድ ግንቡን ለመንፈስ ስትሰጠው መፍረሱ በአንዲት ባለሙያ ጥበብ ላይ ይወድቃል። ይህም የራሱ ብርታት አለው። አንድሮሜዳ በፍቅሯ ብቻ አትዋጋም፤ በሥራዋ ትዋጋለች። ደጅ የምትጠና ድኻ ሆና ገብታ፣ ያለእሷ ቤቱ የማይድን ሰው ትሆናለች። ከመጽሐፉ ይበልጥ የወደድኩት ይህ ነው፤ ወጣት አንባቢ ሙያ ክብር መሆኑን ያይበታል።

ሁለቱ እጆች

የአንድሮሜዳ ሙያ ብር መሥራት ነው። እርግማኑን የምታስርበትን ክታብ ከብር ታበጃለች፤ እሳት፣ ማዕድንና መሣሪያ የእለት ጓደኞቿ ናቸው። እዚህ ላይ የወሎ አንባቢ ቆም ይላል። የእኛ ደብተራ ክታብ ብራና ነው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ እንደ ቀበቶ ጠብቦ፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተሰፍቶ ይዘጋጃል። በጥቁር ቀለም ጸሎቱ፣ በቀይ ቀለም ቅዱሳት ስሞችና የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋሉ። ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን ያሳደደበት ጸሎት፣ የሰሎሞን መርበብት፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ትልልቅ ዐይኖች የተሣሉባቸው ሐረጎች በላዩ ይሰፍራሉ። የታመመው ሰው ሥዕሉን ያያል፤ ከሥዕሉ ውስጥ ያለው ዐይንም በሽታውን መልሶ ያየዋል። ቤተ ክርስቲያን የአስማት ጸሎትን ብታወግዝም ክታቡ በየአንገቱ ኖሯል፤ በወሎ ደግሞ ሼኹ የጻፉት ክታብና ደብተራው የጻፈው ክታብ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ጎን ለጎን ተንጠልጥሏል።

እሳትና ማዕድን ግን በእኛ ልማድ የደብተራው አልነበሩም። የቀጥቃጩና የአንጥረኛው ነበሩ። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ «ባለእጅ» እየተባለ ሲለይ፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በተለይ ቡዳ ተብለው ሲፈሩና ሲገፉ ኖረዋል። ማታ ጅብ ይሆናሉ ተብለዋል፤ ያዩት ልጅ ታመመ ተብሎ ተሰደዋል። ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 በዐማራው ዘንድ ስላለው የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት ርስት ባለው ገበሬና ርስት በሌለው ባለእጅ መካከል ያለው መለያየት በዚህ እምነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷል። ስለዚህ በእኛ ዓለም ክፉ ዐይን ከሰው የተለየ ጭራቅ አይደለም፤ በጎረቤት ላይ የሚለጠፍ ክስ ነው። አዳኙና ተከሳሹም ተለይተው ተቀምጠዋል፦ በአንድ በኩል ቆዳ ፍቆ የሚጽፍ የተከበረ እጅ፣ በሌላ በኩል ብረት ቀጥቅጦ የሚሠራ የተናቀ እጅ።

ብላክውድ እነዚህን ሁለት እጆች በአንዲት ልጃገረድ አካል ላይ አንድ አደረገቻቸው። ክፉ ዐይንን የምታስረው ደብተራ ራሷ አንጥረኛ ናት። በእኛ ልማድ ተከሳሽ ሊሆን የሚችለው እጅ በመጽሐፉ ውስጥ ፈዋሽ ሆነ። እርግማኑም ከድኻው የጭቃ ጎጆ ተነሥቶ በባለጸጋው ቤት ላይ ዐረፈ። ደራሲዋ የባለእጁን ታሪክ አውቃ ይሁን ሳታውቅ የፈጸመችው ይህ መገልበጥ፣ በእኔ ንባብ፣ የመጽሐፉ ትልቁ የግብረ ገብ ድል ነው። አንድም የቡዳ ተከሳሽ ሳታሰቃይ የክፉ ዐይንን አስፈሪነት ጠብቃለች።

ይህ መገልበጥ ለዚህ አገር ባዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው «ሴባስቶፖል» መድፍ ተጎትቶ የወጣው በዚሁ ደጋ ወደሚገኘው መቅደላ ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። የቀለጠ ብረት የመንግሥት ተስፋ ሆኖ ወደ አምባ የወጣበት ቦታ ከመቅደላ ሌላ ብዙ የለም። ከዚያው አምባ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ወሰደ፤ ብረቱ ቀርቶ ብራናው ሄደ። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድብን ሰው የሚገሥጽ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ስድቡን ከመሬት አላጠፋውም። ሕግ ያልደረሰበት ስፍራ ምናብ የሚደርስበት ጊዜ አለና፣ አንዲት ወጣት ብር ስትቀጠቅጥ ሰው ስትፈውስ የሚያነብ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ጠይብ» የሚለውን ስድብ እንደ ቀድሞው በቀላሉ ከአፉ ላያወጣው ይችላል።

የታለፈው ትምህርት ቤት

አሁን ወደ ጉድለቱ እመጣለሁ። ብሮንቴ ጄን ኤርን ወደ ሮቸስተር ቤት ከማስገባቷ በፊት ሎውውድ በተባለ ትምህርት ቤት ለብዙ ምዕራፎች አኑራታለች። ረኀቡ፣ ብርዱ፣ የሞተችው ጓደኛዋና ጥሩዋ መምህሯ ጄንን ጄን ያደረጓት እዚያ ነው። ብላክውድ ያንን ክፍል አስቀርታ አንድሮሜዳን ወደ ቤቱ ከምትሄድበት ሰዓት ትጀምራለች። የጀምበርና የልጅቱ ዘመን በትዝታ ይመጣል፤ ግን መምህርና አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ጓደኛ ተማሪ፣ ጉባኤ፣ ክርክር፣ ዜማ የለም። ደብተራነት ከአንድ ሰው የሚወረስ ሙያ፣ በአንድ ሰው ቁጣም የሚነጠቅ ፈቃድ ሆኖ ቀርቧል።

የእኛ ደብተራ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የማኅሌት ሰው ነው። ክታብ መጻፍ ከመንገዱ ዳር ያለ ነገር ነው፤ መንገዱ ትምህርቱ ነው። ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ተነሥቶ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ አቋቋም፣ ወደ ትርጓሜ ይሄዳል። ቅኔን ሽቶ ወደ ዋድላ ወይም አባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ጎንጅ ይወርዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ይከላከላል፤ ሌሊት በጎጆው ቀጽሎ ጠዋት በመምህሩ ፊት ይዘርፋል። ሲበቃ ያስመሰክራል፤ ምስክርነቱም የጉባኤው ነው። ይህ ሕይወት የወጣቶች ምናባዊ ድርሰት የሚፈልገው ሁሉ አለው፦ ከቤት መውጣት፣ የማያውቁት አገር፣ ቋንቋው የተሰወረ ጥበብ፣ ጨካኝና ደግ መምህራን፣ እስከ ሞት የሚዘልቅ የጓደኝነት ቃል ኪዳን። የውጭ ደራሲ ግንብ ያየበት አገር ከውስጥ ሲታይ የመንገደኛ ተማሪ አገር ነው።

ምዕራብ ደቡብ ወሎ ለዚህ ታሪክ የራሱ ባለታሪክ አለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ ገዳሙ በዚሁ በቦረና ደጋ የሚገኘው፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ትምህርት አልገባ ብሎት እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። ጓደኞቹ ሲቀድሙት እሱ እህል እየፈጨ ማኅበሩን ያገለግላል። በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይጸልያል፤ እርሷም ጽዋ ታጠጣዋለች። ከዚያ በኋላ «መጽሐፈ ምሥጢር»ንና «መጽሐፈ ሰዓታት»ን የደረሰው ሊቅ እሱ ነው። ይህን ለወጣት አንባቢ ለሚጽፍ ሰው ልብ የሚያስቆመው ጽዋው ብቻ አይደለም፤ ከጽዋው በፊት ያለው ወፍጮ ነው። ዓመታት የፈጀው ኀፍረትና ድካም ባይኖር ተኣምሩ ክብደት አይኖረውም። አንድሮሜዳ ብሯን በታላቅ ችሎታ ትሠራለች፤ ችሎታውን ያገኘችበትን ወፍጮ ግን በቅጡ አላየንም። በዚህ ምክንያት የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ፍቅሩ ሲያዘነብል የሙያዋ ክብደት ይቀልላል፤ የምትከፍለው ዋጋም ከልቧ ይልቅ ከቤቱ አስፈሪነት የመጣ ይመስላል።

ሴት ደብተራ መሆኗን የሚቃወም አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሥርዓቱ በእርግጥ የወንዶች ነው። ነገር ግን በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ብዙ ወንድ ተማሪዎችን አስተምረዋል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ባለታሪኳ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የወጣች ልጃገረድ ናት። ከግንቡ ይልቅ መንገዱን መርጣ የወጣች ሴት በድርሰታችን መነሻ ላይ ቆማለች፤ ስለዚህ አንድሮሜዳ በአማርኛ ብትወለድ እናት አታጣም ነበር።

ለሚመጣው ደራሲ

የአማርኛ ወጣት አንባቢ ለምናባዊ ድርሰት ቦታ እንዳለው ተረጋግጧል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከዘመኑ ሳይንስ ጋር አገናኝቶ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ወደ መጽሐፍ መልሷል። ከዚያ የሚቀጥለው እርምጃ የቤተ ክህነቱን ሰው ከምስጢር ጠባቂነት አውጥቶ ተማሪ አድርጎ ማሳየት ነው። ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ደግሞ በመዘንጋት ላይ ነው። በተድባበ ማርያም፣ በአትሮንሰ ማርያምና በጋስጫ ዙሪያ ያሉ የየኔታዎች ትዝታ፣ የቅኔ ቤት ቀልድና ቁጣ፣ የጎጆው ሕግ፣ ተማሪው ስለ አጋንንትና ስለ ጅብ ሌሊት የሚያወራው ወሬ፣ ከሼኾች መንደር የሚሰማው የዱዓና የክታብ ታሪክ፣ የአንጥረኛው ሽማግሌ ስለ እሳቱ የሚናገረው ሁሉ መሰብሰብ አለበት። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ከማንም ይልቅ ይቀርባል።

ብላክውድን የማነብባት ውለታ አድራጊ ብዬ ነው። የእኛን ነገር ያለ እኛ መጻፏ ሊያስቆጣን አይገባም፤ ሊያስቀናን ግን ይገባል። ባለእጁንና ጸሐፊውን አንድ አድርጋ ለዘመናት የለያየናቸውን አገናኝታልናለችና ይህን ከእሷ መውሰድ ነውር የለበትም። በምትኩ እኛ የምንሰጠው እሷ ልትሰጥ የማትችለውን ነው፦ አኩፋዳውን የያዘ ልጅ፣ በወፍጮው ሥር የተማረ ልቡና፣ ጉባኤ የመሰከረለት ጥበብ። የሚመጣው የአማርኛ ደራሲ ደብተራይቱን ብር እንድትሠራ ይፍቀድላት፤ ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ቤት ይላካት።